የአባ መቃን ጭረት

ሰውየውን አባ መቃን ያሰኛቸው የመጠጥ ቤታቸው በር ነው። በቀኝ በኩል ባለው የእንጨት መቃን ላይ አባታቸው በቢላ የቆረጡት አንድ ጭረት አለ። ልጅ ይመጣና ጀርባውን ለመቃኑ ይሰጣል፤ ተረከዙን ያስጠጋል፤ አናቱ ላይ መጽሐፍ ይደረጋል። ቁመቱ ጭረቱ ላይ ከደረሰ ቅጽል ስሙ በእርሳስ ይጻፍለትና የመጀመሪያው ብርጭቆ በነጻ ይቀዳለታል። ካልደረሰ «ሂድ፣ ወተትህን ጠጣ» ተብሎ በሳቅ ይሸኛል። መንግሥት ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላው መጠጥ እንዳይሸጥ ብሎ የላከውን ማስታወቂያ አባ መቃን አራት ቦታ አጥፈው የሚንገዳገደውን ጠረጴዛ ደግፈውበታል። ጠረጴዛው እንኳ ከሕጉ ተጠቅሟል፤ ሰዉ ግን ገና ነበር።

አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጉም መንገዱን ዋጠው። በጤና ጣቢያ በነርስነት የምትሠራው የእህታቸው ልጅ በዚያ ስታልፍ እርምጃዋን ማየት ቢያቅታት ወደ ቤቱ ጎራ አለች። ቤቱ ባዶ ነበር። አባ መቃን ብቻቸውን ብርጭቆ ይወለውላሉ።

«ጉሙ ባያመጣሽ ኖሮ አትመጪም ነበር ማለት ነው» አሉ እየሳቁ።

«እውነትዎን ነው አጎቴ፤ ጠፍቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደህና ሰነበቱ?»

«እንዳየሽኝ ነኝ። እንኳን መጣሽ፤ እሑድ ድግስ አለብን። ሸንበቆ ጭረቱ ላይ ሊደርስ ነው።»

ሸንበቆ የልጅ ልጃቸው ነው። እናቱ፣ አንድያ ልጃቸው፣ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዕድሜው አሥራ ስድስት ነው፤ ከአብራካቸው ከእሱ ሌላ የቀራቸው የለም።

ነርሷ ቦርሳዋን አስቀመጠች። «አጎቴ፣ እባክዎ ይህን ልጅ አያጠጡብኝ።»

«ምነው? ከጓሮ ተደብቆ ከሚጠጣ እኔ ፊት ቢጠጣ አይሻልም?»

«ይሻላል ብለው ያስባሉ፤ ክፉ አስበው እንዳልሆነም አውቃለሁ። ግን እርስዎ ሲቀዱለት ልጁ የሚማረው መጠንቀቅን አይደለም፤ ነገሩ የተፈቀደ መሆኑን ነው። ያኔ ጓሮውም ይቀጥላል።»

«እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ነው የጀመርኩት። ምን ሆንኩ?»

ነርሷ የያዙትን ብርጭቆ ተመለከተች፤ በእጃቸው ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ዛሬ ጠዋት ሳይቀምሱ ነው የዋሉት?»

«ቀምሻለሁ። ካልቀመስኩማ ጭራሽ መያዝም አልችል» አሉ፤ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ አፈሩ።

«የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቁመቱ ሊያልቅ ይችላል፤ አንጎሉ ግን ገና በመሠራት ላይ ነው። ‹ተው፣ ይበቃሃል› የሚለው ክፍል መጨረሻ ላይ ነው የሚበስለው። እርስዎ የሚለኩት ያለቀውን ነው፤ ያላለቀውን የሚለካ መቃን ደግሞ የለም። ሕጉ ዕድሜን የያዘው ለዚህ ነው።»

አባ መቃን አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከበሩ በኩል ኳ አለ። ቀጥሎ እንጨት ላይ የሚታከክ ድምፅ ተሰማ፤ ልጅ ተረከዙን ወደ መቃኑ ሲያስጠጋ እንደሚሰማው ዓይነት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከጉም በቀር ማንም የለም።

«ምንድን ነው?» አለች ነርሷ።

«አይጥ ነው።»

«በቀን?»

«ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው» አሉ። ይህን ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ የገዛ ድምፃቸው አስደነገጣቸው።

ነርሷ ተነሥታ የስልኳን መብራት ወደ መቃኑ አበራች። ሃያ ሰባት ስም ተጽፏል። ከስሞቹ አንዱን አንብባ «ቦክሰኛው የት ደረሰ?» ብላ ጠየቀች።

«ጠጥቶ ሲነዳ ሞተር ብስክሌት ላይ ሞተ።»

«ቱርቦ?»

«አብረው ነበሩ።»

«ጥርሶ?»

አባ መቃን ብርጭቆውን አስቀመጡ። ጥርሶ ሳቂታ ልጅ ነበር። ስሙ በተጻፈ በሳምንቱ ጠጥቶ ወንዝ ሊሻገር ገባ፤ ያገኙት በሦስተኛው ቀን ነው። «የቀሩት ሃያ አራቱ እኮ አሉ!» አሉ በቁጣ። «ስለ እነሱ ምነው አትጠይቂኝ?»

«አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእነሱ ስንቱ ነው ጠዋት ጠዋት እጁ እንዲረጋለት ወደ እርስዎ የሚመጣው?»

አባ መቃን ዘጠኝ ሰው በልባቸው ቆጠሩ። ነርሷ ወደ ላይ ማንበቧን ቀጠለች፤ ከዚያ ቆመች። «አጎቴ፣ እሑድ ነው አላሉኝም? ስሙን ለምን አስቀድመው ጻፉት?»

«የማንን ስም?»

«ሃያ ስምንተኛ አለ። ሸንበቆ ይላል።»

እየተንገዳገዱ መጡ። አዎ፣ ሸንበቆ ይላል። በጣታቸው ሲነኩት እርሳሱ ጣታቸውን አጠቆረው፤ ገና አሁን የተጻፈ ነው። የእጅ ጽሕፈቱንም ያውቁታል፤ እንደዚያ አጥብቆ እየተጫነ የሚጽፍ ሰው በዕድሜያቸው አንድ ብቻ አይተዋል፤ አባታቸውን። አባታቸው ግን ሸንበቆ ሳይወለድ ነው የሞቱት።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ «መጣሁ፣ መጣሁ!» የሚል ድምፅ ተሰማና ሸንበቆ የትምህርት ቤት ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ።

«ለማነው መጣሁ የምትለው?» አሉ አባ መቃን።

«ለእርስዎ ነዋ አባባ! ‹ና፣ ቀጥ ብለህ ቁም› ሲሉኝ ከማዶ ሰማሁዎት። ይኸው!» ብሎ ጀርባውን ወደ መቃኑ አዞረ።

ጉልበታቸው ደረጃ እንኳ የማያስወጣቸው ሰው ዘለው ልጁን ገፈተሩት፤ በእሱ ቦታ ራሳቸው መቃኑን ተደግፈው ቆሙ። አናታቸው ላይ ጠፍጣፋና ቀዝቃዛ ነገር ተጫናቸው። በአሥራ አራት ዓመታቸው አባታቸው የጫኑባቸው ያ መጽሐፍ ነበር፤ ክብደቱን አልረሱትም። «አይሆንም፤ እሱን አልሰጥህም» አሉ። ለማን እንዳሉ ነርሷ አልጠየቀችም። ቀስ በቀስ ጭነቱ ለቀቃቸው።

ልጁ የሆነው አልገባውም፤ ድንገት ግን ሳቁ አመለጠው። «አባባ፣ እርስዎም እኮ አይደርሱም!»

እውነቱን ነበር። እርጅና አሳጥሯቸው ከጭረቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብለዋል።

«ይኸው እንግዲህ» አለች ነርሷ፤ እሷ አልሳቀችም። «በዚህ መለኪያ እርስዎ ገና ልጅ ነዎት፣ እሱ ሽማግሌ ሊሆን ነው። የእርስዎ ማጠር ዕድሜዎን ካልቀነሰው የእሱ መርዘም በምን ይጨምርለታል?»

«ረትተሽኛል» አሉ አባ መቃን፤ የልጁንም እጅ አጥብቀው ያዙ። «መረታቴ አይከፋኝም፤ የሚከፋኝ መዘግየቴ ነው።»

እሑድ እንግዶቹ ሲሰበሰቡ ብርጭቆ አልተቀዳም። አባ መቃን ቆመው የሰሙትን ሁሉ በገዛ አፋቸው ተናገሩ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዱም «አርጅተው ፈሩ» ብሎ ወጣ። አናጢ መጥቶ መቃኑን ነቀለው፤ ማስታወቂያውም ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ በሩ ላይ ተለጠፈ።

የተገኘው ጥቅም ብዙ ነው። ነርሷ ሰኞ ሰኞ የምትሰፋው የተፈነከተ ወጣት ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። መምህራን ከእሑድ ተርፎ ሰኞ ክፍላቸው ይገባ የነበረው ስካር መጥፋቱን መሰከሩ። አባ መቃንም በሐኪም ክትትል የጠዋቷን ብርጭቆ ቀስ እያሉ ተዉ። ሸንበቆ ትምህርቱን ጨረሰ፤ በሕይወትም አለ።

መቃኑ በተነቀለበት ዓመት አንዲት ሴት ወደ መጠጥ ቤቱ ገባች። የጥርሶ እናት ነበረች። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም።

«ጥሩ ሠሩ ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለች። «እንዲያው ልጠይቅዎት፤ ይህ ሕግ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው?»

አባ መቃን መዋሸት ይችሉ ነበር። «ስድስት ዓመት ይሆነዋል» አሉ።

«ልጄ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።