አንድ ምት የቀደመው ጊታር

ለሬዲዮኔ ባትሪ ልገዛ ታይዋን ከሚባለው የከተማችን ገበያ አንድ ሱቅ ስገባ፣ በወጣትነታችን አራት የምድር ባቡር ሠራተኞች ያቋቋምነው የሮክ ባንድ ዘፈን ይሰማ ነበር። በካሴት የቀዳነው ይህን አንድ ዘፈን ብቻ ነው። «ጊታሩን የምጫወተው እኔ ነኝ» አልኳት ባለሱቋን። «አቦ አዴር፣ አጎቴ፣ እንዲህ ስትለኝ አንተ ሦስተኛው ሽማግሌ ነህ!» ብላ ሳቀችብኝ። ውሸታም መባልን አልታገሥም። «እንግዲያው አድምጪ፤ ዘፋኙ ሁለተኛውን አዝማች ሲጨርስ ጊታሩ አንድ ምት ቀድሞ ይገባል፤ ከዚያም ደንግጦ ዝም ይላል» አልኳት። እንዳልኩት ሆነ። «ወላሂ፣ እውነትህን ነው! ግን ማን ነው ያበላሸው?» አለችኝ።

ለጠየቀኝ ሁሉ «ከበሮ መቺው አብዱ አሳሳተኝ» ስል ኖሬአለሁ፤ ባንዱ የፈረሰውም በዚሁ ጠብ ነው። አሁን ግን በገዛ አፌ ጊታሩ ነው ብዬ መስክሬአለሁ። «እኔ ነኝ» አልኳት። ከሱቁ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ከዚራ ሰፈር ሄድኩና ለአርባ ዓመት ያልረገጥኩትን የአብዱን ቤት አንኳኳሁ። በሩን ራሱ ከፈተው። «ስህተቱ የእኔ ነበር» አልኩት፣ እደጁ እንደቆምኩ። አብዱ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ «ጊታርህ አንድ ምት ቀደመ፤ አንተ ግን አርባ ዓመት ዘገየህ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ።