አማርኛ የተከለከለበት ቤት

ዓርብ ከቅዳሴ መልስ ነው። በማር ጊርጊስ ጣቢያ የሜትሮ ባቡር ስጠብቅ ከአቶ ወልደሚካኤልና ከልጅ ልጃቸው ከኤልዳና ጋር ተገናኘን። ሽማግሌው ሃያ ዓመት በካይሮ በስደት የኖሩ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጅ በዓረብኛ «ያላ! ያላ!» እያሉ ከማጣደፍ በቀር ቃል አልወጣቸውም።

«ምነው ጋሼ፣ አማርኛውን ለማን ሰጡት?» አልኳቸው።

«ተወኝ እባክህ፤ ከቤት ካባረርነው አራት ወር ሆነን። ልጅቱ ማንበብ አቃታት። አስተማሪዋም ሁለት ቋንቋ ተምታቶባት ነው አለች። ለውጥ ስለሌለ የፊታችን እሑድ፣ የሳምንቱ ትምህርት ሲጀመር፣ ከትምህርት ቤት አስወጥቻት እናቷ በምትሠራበት ቤት ትውላለች። ኸላስ፣ አበቃ!»

አብራኝ የነበረችው ሔዋን እዚሁ ካይሮ ተወልዳ ያደገች ናት። ሁለት ቋንቋ በሚናገሩ ልጆች የንግግርና የንባብ ችግር ላይ የዶክትሬት ጥናት ትሠራለች። ይህን ሰምታ ዝም የምትል አይደለችም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁለት ቋንቋ የንባብ ችግር አያመጣም።»

«ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»

«እኔ ሁለቱንም ወጥቼ አልወደቅሁም» አለች እየሳቀች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ትምህርት ቤት ሳትገባ ፊደል አስቆጥረዋት ነበር?»

«እንዴታ! ሀሁን በቃሏ ታወርደው ነበር። ከመሃል አንዱን ስጠቁማት ግን ይጠፋባታል። ስንፍና መስሎኝ ጆሮዋን እቆነጥጣት ነበር» አሉ።

ይህ የእሳቸው ብቻ ስህተት አይደለም። ፊደል በዜማ ያወረደልንን ልጅ ሁሉ ማንበብ ቻለ እያልን ስናጨበጭብ የኖርን ብዙዎች ነን፤ እኔም አለሁበት።

«ይኸው ምስክሩ እርስዎ ነዎት» አለች ሔዋን። «ችግሩ ከዓረብኛው በፊት ነበረ። እኔ ልጆችን በሁለቱም ቋንቋ የምፈትነው ለዚህ ነው። አንዱን ቋንቋ ገና ያልለመደ ልጅ በዚያው ብቻ ይደናቀፋል፤ የንባብ ችግር ያለበት ግን በሁለቱም። ሳልፈትናት አልፈርድም፤ ችግሩ ካለባትም ስንፍና አይደለም። ድምፁን ከፊደሉ ጋር ቀስ በቀስ ማለማመድ ይረዳታል።»

«ታዲያ አማርኛው ምን ይፈይድላታል?»

«እርስዎ ዓረብኛ የተማሩት የት ነው?»

«ገበያና ሚክሮባስ ታክሲ ላይ ነዋ!»

«እንግዲህ አራት ወር ሙሉ ከአያቷ የሰማችው ያላ፣ ኸላስና ማሌሽ የሚል የገበያ ዓረብኛ ነው። ተረቱን፣ ምክሩን በምን ሊነግሯት ነው? ብዙ ቃል ሰምቶ ያደገ ልጅ ያነበበው ይገባዋል።»

ባቡሩ መጥቶ ሄደ፤ ሽማግሌው አልተሳፈሩም። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዝቅ ብለው፣ «ኤልዱዬ፣ ደከመሽ እንዴ?» አሏት።

ልጅቱ እኛን ዞር ብላ አየችና፣ «አባዬ፣ ተፈቀደ?» አለች በአማርኛ።

ዕንባቸው መጣ። «ተፈቀደ ልጄ። ስለ ጆሮሽም ይቅር በይኝ።»

እሑድ ከትምህርት ቤት አልወጣችም። ሔዋን በሁለቱም ቋንቋ ፈተነቻት፤ ችግሩ በሁለቱም ተገኘ። በሳምንት ሁለት ቀን ታለማምዳታለች። አስተማሪዋም ነገሩ ሲገባት በፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ ፈቀደችላት። ቤታቸውም ጨዋታው ተመለሰለት።

ከስድስት ወር በኋላ በዚያው መስመር አብረን ተሳፈርን። ኤልዳና በመስኮቱ በኩል ባቡሩ የቆመበትን ጣቢያ ስም ከግድግዳው ላይ በጣቷ እየተከተለች በዓረብኛ ታነባለች፦ «ሰይ... ሰይዳ...» ስሙን ሳትጨርስ ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ጽሑፍ ማንበብ ያልቻሉት አያቷ እጇን ያዙና፣ «አይዞሽ፣ ቀስ በይ፤ ጣቢያው የትም አይሄድም። ስንመለስ ትጨርሺልኛለሽ» አሏት።