እጅ ሳይማቱ በሬ መግዛት

ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ በሚሄድ ላንድሮቨር ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ቅቤ ነጋዴ ተጣበው ተቀምጠዋል። በተቅማጡ በሽታ ምክንያት ተዘግቶ የከረመው ገበያ ዛሬ መከፈቱ ነው።

«ተከፈተ ማለት ሁሉም ተፈቀደ ማለት ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«መሸጥ መግዛቱ ተፈቅዷል አባቴ። እጅ መንካት ነው የተከለከለው።»

«ታዲያ በሬ እንዴት ልገዛ ነው?»

«ዋጋ ተነጋግረው ነዋ።»

«እጅ ሳንማታ? እጅ ያልተማታንበትን በሬ ባለቤቱ ነገ ‹አልሸጥኩም› ቢለኝ ማን ይመሰክርልኛል?»

«ኤዬ፣ እሱስ እውነት ነው።»

«ክረምቱ ደርሷል፣ ያለኝ አንድ በሬ ነው። ከማን ጋር ልጥመደው? ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር?»

«ኧረ ቀስ ይበሉ አባቴ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ትናንት ሰብስበው ‹አትሰብሰቡ› ሲሉን አንዱ ባንዱ ጭን ላይ ነበርን።»

«እኛንም እንደዚያው። ሲጨርሱ ደግሞ አጨብጭቡ አሉን።»

«የራስን እጅ መምታት አልተከለከለማ።»

«በዱላ ብትማቱስ? እርስዎ ዱላዎን ይዘርጉ፣ ሻጩም በራሱ ዱላ መታ ያድርግልዎት።»

«ወላሂ፣ ያየን ሚሊሻ ተደባደቡ ብሎ ነው የሚያስረን።»

«ለማንኛውም ክልክሉን የሚለፍፍ ሰው ዛሬ ገበያው ላይ ይመጣል ብለዋል፤ እሱን ይጠይቁት።»

«ይምጣ። መጀመሪያ እሱ ያለ እጅ በሬ ገዝቶ ያሳየኝ።»

ለመለፈፊያ የተሰጠኝን ሜጋፎን በእግሬ ቀስ አድርጌ ወደ መቀመጫው ስር ገፋሁት።