የጋሽ ዝግታ አስተያየት ስለ ባሕር ዳርቻው ሆቴል

የተማሪ ደብተር ከማረም ብዛት አንገቴ ወደ ግራ አልዞር ብሎኝ፣ አንድ ጠዋት ለሰፈራችን ቅርብ ወደሆነው የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ሄድኩ። ተራ መጠበቂያው ጠባብ ክፍል ነው። ወንበሮቹ ግድግዳውን ተከትለው ፊት ለፊት ስለተደረደሩ ሰው ከሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ሳይነካካ አይቀመጥም። ክፍት ቦታ ሳማትር ጋሽ ዝግታን አየሁ። ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። አውቶቡሳቸው በሰዓቱ የደረሰበት ቀን የለም፣ ሳይደርስ የቀረበትም ቀን የለም ይባላል። በቀኛቸው ሰፈሩ እትዬ ብቻ ብሎ የሚጠራቸው ባለቤታቸው፣ በግራቸው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የእህታቸው ልጅ ተቀምጠዋል። እትዬ ቀኝ እጃቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አሳርፈዋል።

“እንዴት አደራችሁ? ምነው በደህና?” አልኩ።

“ደህና ነን መምህር። እሷ እጇን ትንሽ ብሏት ነው እንጂ” አሉ ጋሽ ዝግታ።

“ትንሽ” የተባለው ሁለት ቦታ የተሰበረ የእጅ አንጓ መሆኑን፣ ጀሶውም በቅርቡ እንደተፈታ የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ናት። ልጅቱ ፊቷ ቀልቷል። እኔ ከመምጣቴ በፊት የተጀመረ ክርክር እንዳለ ገባኝ። በሰው ጉዳይ ጣልቃ መግባት አልወድም፤ መስማት ግን አልጠላም።

“ይስሙኝማ መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን” አለችና ጀመረች። የጋሽ ዝግታ ልጆች ተመካክረው ለአባትና ለእናታቸው ሞቃት ባሕር ዳርቻ ላይ በሚገኝ ሪዞርት የአንድ ሳምንት ዕረፍት አዘጋጅተውላቸው ነበር። አልጋው፣ ምግቡ፣ መጠጡ፣ ጀልባው ሳይቀር አስቀድሞ የተከፈለበት፣ እንግዳው እጁን ኪሱ ሳይከት የሚሰነብትበት ዓይነት ነው። እትዬ የተሰበሩት እዚያ ወድቀው ነው። ከተመለሱ በኋላ ሆቴሉ “ቆይታዎ እንዴት ነበር?” የሚል መልእክት ላከ። ጋሽ ዝግታም ስልክ ላይ መጻፍ ስለማይሆንላቸው ፎቶ ቤት ሄደው፣ ሰው ሁሉ በሚያነበው የሆቴሉ ገጽ ላይ ባለ ፎቶ ቤቱን እንዲህ አስጻፉት፦ “ሁሉም እጅግ ያማረ ነበር። ምንም የጎደለ ነገር የለም። ዕድሜ ይስጣችሁ።”

“ከአምስት ኮከብ አምስት ሰጥተዋል” አለች ልጅቱ። “ስድስተኛ ቢኖር እሱንም ይጨምሩ ነበር።”

“እጨምር ነበር” አሉ ጋሽ ዝግታ ሳይደነግጡ። “ተስተናግጄ ነው የመጣሁት። ያስተናገደኝን ሰው ስም በአደባባይ አላጎድፍም።”

“አጎቴ፣ እርስዎ እኮ እንግዳ አልነበሩም፤ ደንበኛ ነበሩ። ልጆችዎ ከፍለውበታል።”

“እኔን ማን ጠየቀኝ? ሳምንቱን ሙሉ አንድም ሰው ‘ሂሳብ’ ብሎ ፊቴ አልቆመም። ሂሳብ ያልጠየቀኝ ሰው ጋባዤ ነው።”

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ እንዳለ ታየኝ። እኚህ ሰው ሆቴሉን ከልባቸው የሰው ቤት አድርገውት ነው የሰነበቱት። እትዬም ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

“የመጀመሪያውን ቀን በረሃብ ነው የዋለው” አሉኝ። “ምግቡ እንደዚያ ተደርድሯል፤ ሰው ሁሉ እየተነሳ የወደደውን ያነሳል። እሱ ለይሉኝታ ሁለት ማንኪያ አውጥቶ ተቀመጠና ‘ይጨምሩ እንጂ’ እስኪሉት ይጠብቃል። ማን ይበለው? አስተናጋጁ የጨረሰ መስሎት ሳህኑን አነሳበት።”

“ሰው ቤት ሁለት ጊዜ አይነሳም፤ ነውር ነው” አሉ ጋሽ ዝግታ።

“ጠዋት ጠዋት ደግሞ አልጋውን እሱ ያነጥፋል። የምታጸዳው ልጅ እኛ እዚያ ማደራችንን ተጠራጥራ እንግዳ መቀበያው ሄዳ ጠየቀች።”

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። በጋሽ ዝግታ እጅ ላይ ሆቴሉ ለእንግዶቹ የሚያስረው ሰማያዊ የፕላስቲክ አምባር አሁንም እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው። ስጦታ ነው ብለው አልቆርጠውም ብለዋል። ልጅቱ ግን አልሳቀችም።

“መልካም ሥነ ምግባር ነው፣ አልነቅፍም” አለች። “ግን ደረጃውስ? ከባሕሩ ወደ ክፍሎቹ የሚያወጣው ደረጃ። አሸዋ መታጠቢያው ቧንቧ እላዩ ላይ ነው የተተከለው፤ ደረጃው ደርቆ አያውቅም፤ አረንጓዴ የሚያዳልጥ ነገር ይዟል፤ እጅ የሚይዙት ነገር የለውም። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።”

“ላንቺ ነው የነገርኩሽ፤ ለዓለም አይደለም። ደግሞስ ሰው ቤቱም ውስጥ ይወድቃል።”

“ቤቱ የወደቀ ሰው ‘ምንም የጎደለ የለም’ ብሎ አያውጅም።”

ጋሽ ዝግታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እስከዚያ ድረስ የተናገሩት ለክብር ይመስለኛል፤ ቀጥሎ የመጣው ግን እውነተኛው ምክንያታቸው ነበር።

“ስሚኝ ልጄ። እሷ የወደቀች ቀን ሮጣ የደረሰችው ያቺ የምታጸዳው ልጅ ናት። በጉልበቷ ተንበርክካ፣ የራሷን የራስ ጨርቅ ፈትታ እጇን አሰረችላት። አሁን እኔ ‘ደረጃው ቆሻሻ ነው’ ብዬ ብጽፍ ማንን የሚጠይቁ ይመስልሻል? ባለቤቱን? እሷን ነው። እንጀራዋን ልዝጋባት?”

ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ብዙ የተማርን ሰዎች እውነትን ስንናገር በማን ጫንቃ ላይ እንደምትወድቅ አንመለከትም። ልጅቱም፣ ለክብሯ እላለሁ፣ ጥያቄውን አላቃለለችውም።

“ልክ ነዎት፤ እሱን መፍራትዎ ተገቢ ነው” አለች። “እንግዲያው ስለ እሷ መልካሙን፣ ስለ ደረጃው እውነቱን ይጻፉ። ቧንቧውን እዚያ የተከለችው እሷ አይደለችም። ዝም ካሉ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ሲወድቅ ተጠያቂዋ ያው እሷ ናት፤ ያን ጊዜ የሚመሰክርላት የለም።” ከዚያም ጨመረች፦ “መኪና እየነዱ መንገድ ተንዶ ሲያገኙ ከወዲያ ለሚመጣው ሹፌር ምን ያደርጉ ነበር?”

“መብራት አበራለታለሁ። ሰፈር ካለም ቆሜ እነግራለሁ። መኪና ሲበላሽ ደግሞ ቅርንጫፍ ቆርጠን ከኋላ ከኋላ አስፋልቱ ላይ እንጥላለን።”

“ይህ መንገድ የሠራውን ሰው ስም ማጥፋት ነው?”

“መንገድና ሆቴል ለየቅል ነው” አሉ ጋሽ ዝግታ በፍጥነት። “መንገድ የሁሉም ነው፤ እኔም ነድቼ እኖርበታለሁ። ሆቴል ባለቤት አለው። የሰው ቤት ገብቼ ወለሉን አልመረምርም።”

በእውነት መልሱ ጠንካራ ነበር። ልጅቱ ያስጻፉትን አስተያየት ከፍታ ስልኳን ወደ እሳቸው አዞረች።

“ባለ ዳቦ ቤቱ ጎረቤታችሁ ነገ ወዲያ እናቱን ይዞ ወደዚያው ሆቴል ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስገባ ነው የነገረኝ። ‘ብዙ ሆቴል አማርጬ ነበር፤ የጋሽ ዝግታን ሳነብ ግን ልቤ አረፈ’ አለኝ።”

የባለ ዳቦ ቤቱ እናት በምርኩዝ የሚሄዱ ሴት መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ዝግታ ስልኩን አልተቀበሉም።

“ለእሱ እደውልለታለሁ። በቃሌ እነግረዋለሁ፤ ያልቃል” አሉ።

“ለማያውቁት ሰው እናትስ ማን ይደውልላታል?”

እሺ ግን አላሉም። ዕድሜ ልካቸውን ጨዋ ያሰኛቸውን ጠባይ አንድ ጠዋት ክሊኒክ ውስጥ አውልቆ መጣል ከባድ ነው። ልጅቱም ከዚህ በላይ መግፋት ድፍረት እንዳይሆንባት ስልኳን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረች። ያን ጊዜ የተናገሩት እትዬ ናቸው፤ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ግድግዳውን እያዩ።

“ያቺ ልጅ እጄን ስታስርልኝ ያለችው ነገር አለ። ‘ባለፈውም አንድ ሽማግሌ እዚሁ ወድቀዋል’ አለችኝ። ‘ለአለቆቼ ብነግራቸው፣ ሰውየው ራሳቸው አመስግነው ሄደዋል፣ አንቺ ምን አስጨነቀሽ አሉኝ’ ነው ያለችው።”

ጋሽ ዝግታ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። “ይህን ለምን አልነገርሽኝም?”

“ማታውኑ ልጆቹ ሲደውሉ ‘ገነት ነው ያስገባችሁን’ ስትላቸው ሰማሁህ። ስንት ተደስተህ። እንዴት ብዬ ልንገርህ?”

እኔ የማስበው ስለዚያ ስለማላውቀው ሽማግሌ ነበር። እሱም የጨዋ ልጅ ነው፤ ተነስቶ አቧራውን አራግፎ፣ አመስግኖ ሄዷል። የእሱ ምስጋና የዚያችን ልጅ አፍ አዘጋ፤ የእትዬንም እጅ ሰበረ። ምስጋና ይህን ያህል ጉዳት ያደርሳል ብሎ የሚያስተምር የሥነ ምግባር መጽሐፍ እስካሁን አላጋጠመኝም።

“እሺ፣ ጻፊ” አሉ ጋሽ ዝግታ።

ልጅቱ ጣቷን ስልኩ ላይ አዘጋጀች።

“መጀመሪያ መልካሙን ነው የምትጽፊው። ዓሣው ጣፋጭ ነበር፤ ሰዎቹ ትሑቶች ናቸው፤ ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ማታ ማታ ነፋሱ ደስ ይላል በይ። ክፍላችንን የምታጸዳው ልጅ የተመሰገነች ናት፤ ባለቤቴ ስትወድቅብኝ ያነሳችልኝ እሷ ናት በይ። ቀጥለሽ ነው ወደ ደረጃው የምትሄጂው።”

ደረጃው ላይ ሲደርሱ እንደ ሹፌር ተናገሩ፤ የቱ ጋ እንደሆነ፣ በየትኛው በኩል እንደሚያዳልጥ፣ ምን እንደጎደለው። ባለቤታቸው እዚያ ወድቃ እጇ መሰበሩን አስጻፉ። በዕድሜ የገፋ ሰው በጓሮ በኩል ባለው ጠጠር መንገድ ቢሄድ እንደሚሻል፣ ቧንቧው ከደረጃው ቢርቅና ብረት መያዣ ቢደረግለት ነገሩ እንደሚያልቅ ጨመሩ። አንድም የስድብ ቃል አልነበረበትም። እንዲያውም ከፊተኛው ይልቅ የምስጋናው ክፍል ልብ የሚነካ ሆኖ አገኘሁት፤ ምክንያቱም አሁን የሚያመሰግኑት ማን ምን እንዳደረገ ለይተው ነው።

“ስንት ኮከብ ልስጥ?” አለች ልጅቱ።

ይህ ከሁሉ በላይ አስቸገራቸው። “ሦስት” አሉ በመጨረሻ። “ሁለቱን ደረጃውን ሲሠሩ እመልስላቸዋለሁ ብለሽ ጻፊ።”

ከዚያም ለባለ ዳቦ ቤቱ ደወሉ።

የተከተለውን ባጭሩ ልናገር፤ እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያነብ ሰው ፍሬውን ማወቅ ይፈልጋልና። የባለ ዳቦ ቤቱ እናት ሄዱ፤ በጠጠሩ መንገድ ተመላልሰው፣ አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ በሰላም ተመለሱ። ሆቴሉ ከጥቂት ቀን በኋላ ይቅርታ ጠይቆ መልስ ጻፈ፤ ቆየት ብሎም ብረት መያዣ የተገጠመለትን ደረጃ ፎቶ አንሥቶ ላከ። ቧንቧው ወደ ዘንባባው ሥር ተዛውሯል። የምታጸዳዋን ልጅ ማንም አልነካትም፤ በጽሑፍ ተመስግና እንዴት ትነካ። ጋሽ ዝግታም ቃላቸውን አክብረው ሁለቱን ኮከብ መለሱ። ያስተናገደን ሰው ስለ ቤቱ እውነቱን ብንነግረው እናዋርደዋለን የሚል አመለካከት ሰፈራችን ውስጥ አሁንም አለ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይህን ነው፦ “ሁሉም ያማረ ነበር” ማለት ባለቤቱን አይጠቅምም፣ ሠራተኛውን አያድንም፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም አያስጠነቅቅም፤ የሚጠቅመው ተናጋሪውን ብቻ ነው፣ ጨዋ አስብሎት።

ከዚያ ጠዋት ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን ከስልኩ በኋላ የሆነውን ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በሩን ከፍታ ወጣች፤ እዚያው ቆማ የእትዬን እጅ ከሻርፑ ፈትታ አንጓውን በቀስታ ጫን አደረገች።

“እዚህ ጋ ያመዎታል?”

“ደህና ነው፣ ምንም አ…” ብለው ጀመሩና አቆሙ። ባላቸውን አዩ። “ያመኛል” አሉ። “በጣም ያመኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።”

ባለሙያዋ ራሷን ነቀነቀች። “እንግዲህ አሁን ማከም እንችላለን” አለች። “ስጠይቅዎ ሁልጊዜ ደህና ነው ስለሚሉኝ አጥንቱ ጠንክሯል ብዬ ከአቅሙ በላይ ሳሠራው ነበር።”

ጋሽ ዝግታ ከወንበራቸው ተነስተው ነበር። “ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያምሽ?” አሉ።

“ከወደቅሁ ጀምሮ” አሉ እትዬ።

ጋሽ ዝግታ የሚስታቸውን ቦርሳ አነሱ፣ እትዬን በጤነኛው እጃቸው በኩል ደግፈው ይዘዋቸው አብረው ወደ ውስጥ ገቡ።