እምቢ ማለትን የማስተምረው እኔ

ፖሊስን የሚቃወም ሰልፍ በበዛበት በዚያ ሰመር፣ እዚህ ኮሎምበስ ላለው ሐበሻ «ፖሊስ ሲያስቆምህ መብትህን እወቅ» እያልኩ የማስተምረው እኔ ነበርኩ፤ ያውም እየጮህኩ። «መኪናህን ልፈትሽ ካለህ አልፈቅድም በል! እዚህ አገር ይሉኝታ አይሠራም!» እል ነበር። አንድ ቅዳሜ ወደ ስልጠናው ስንሄድ ኢስተን የገበያ ማዕከል አጠገብ ፖሊስ አስቆመኝ። ሁለቱንም እጆቼን መሪው ላይ አደረግኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ተማሪዬ እትዬ አስካለ እመቤቴን ይማጸናሉ። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ፣ ፈገግ እያለ፣ «ከመኪናው ኋላ ያለውን ትራንክ ባየው ቅር ይልሃል?» አለኝ። እንዲህ በጨዋ ደንብ የጠየቀን ሰው እንዴት እምቢ ይሉታል? «ኖ ፕሮብሌም፣ ሰር!» አልኩና ከፈትኩለት። እትዬ አስካለ ጭኔን ቆነጠጡኝ፤ ምን ዋጋ አለው፣ አንዴ አምልጦኛል።

ትራንኩ ውስጥ ለስልጠናው ያሳተምናቸው ቲሸርቶች ነበሩ። ፖሊሱ አንዱን ይዞ መጣና መስኮቴ ላይ ዘርግቶ፣ ደረቱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «ፍተሻ አልፈቅድም።» ከዚያ ቲሸርቱን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄን ማንም አላስተማረህም?» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሁልጊዜ አስተርጉምልኝ የሚሉኝ እትዬ አስካለ፣ ያን ቀን እንግሊዝኛቸው ጥርት ብሎ መጣላቸው፦ «ቲቸሩ እሱ ነው!»