ለአውሮፕላኗ የገመድኩት ቃጫ

ሳቋ አያልቅም ትሉኛላችሁ፤ ያለቀበትን ቀን ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ሥራውን ትቶ ሆሳዕና ከተማ እኔ ጋ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ዝምተኛ ሆነ። አንድ ክረምት ግን ድሮ ይጠግናት የነበረችውን አውሮፕላን አሳንሶ፣ ክንድ የምታህል፣ በሪሞት የምትበር ሠራ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። የቀረው ጭራዋ እንድትዞር ትንሿን ሞተር ከጭራዋ ጋር የሚያገናኘው ነገር ነበር። እሱ የብስክሌት ራጂ፣ ያንን የጎማ ቀጭን ሽቦ፣ ይዞ ያመነታል፤ እኔ ከጓሮ እንሰታችን የወጣ ቃጫ ገምጄ አመጣሁለት።

"ይኸው፣ በሬ የሚያስር ነው" አልኩት።

ሳብ አድርጎ አየው። "እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ እትዬ።"

"ቢላላስ? ሰው አይሳፈርባት፤ ብትወድቅ ማን ይሞታል?" ብዬ ሳቅኩ፤ ጎረቤቶቹም አጀቡኝ።

እሱ ቃጫውን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። "የትልቋን አውሮፕላን የጭራ ገመድ የወጠርኩት እኔ ነበርኩ" አለ። "ፓይለቱ ላላ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አልላላም አልኩት። ይዟት ተነሣ፤ አልተመለሰም።"

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ራጂውን አንስቶ "ጫፉን ያዢልኝ" አለኝ፤ ያዝኩለት። አጠበቀው፣ ፈታው፣ ደግሞ አጠበቀው። አውሮፕላኗ እስከ ዛሬ አልበረረችም።