ጭስ ማውጫው የታለ? የመምህርት አርዲስ ትቬት ዜና ሕይወት

የምነግራችሁን አታምኑኝም። ውሸታምነቴን ከዚህ እስከ ካናዳ ድንበር የማያውቅ ስለሌለ አልፈርድባችሁም፤ ሆኖም በእኅቴ አጥንት እምላለሁ፣ በረዶውን ትንሽ ከመጨመሬ በስተቀር ዛሬ በዚህ የቀብር ማዕድ ላይ የማነብላችሁ ሁሉ እውነት ነው። የተቆጣሁ ከመሰላችሁም አልተሳሳታችሁም።

መምህርት አርዲስ ትቬት ከአባታቸው ከስንዴ ገበሬው ከአቶ አንቶን ሶሌምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጉድሩን፣ በዚሁ በሰሜን ዳኮታ በሀውግዳል፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ጥር ተወለዱ። የዚያን ዕለት ብርዱ ከመክፋቱ የተነሣ፣ አዋላጅ ሊጠሩ የወጡት አባታችን ትንፋሻቸው ከጺማቸው ላይ በረዶ እየሆነ ወርዶ ወርዶ መሬት በመድረሱ፣ ተመልሰው በበሩ መግባት የቻሉት በመጥረቢያ ተቆርጦላቸው ነው። ይህን የትንፋሽ ነገር በልባችሁ ያዙልኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አንዲት ክፍል ብቻ በነበረችው የገጠር ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ ወደ ከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሻግረው፣ በዚያም በማይክሮስኮፕ ሥር የሽንኩርት ልጣጭ አይተው፣ ያ ስስ ነገር እንደ ጡብ ግንብ በሴል በሴል ተደርድሮ ቢያገኙት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የተገኘውን ሽንኩርት ሁሉ እየላጡ ስለፈጁት ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ሾርባውን ያለ ሽንኩርት ጠጣ። እርሳቸው በዚሁ ገፍተው እስከ መምህራን ኮሌጅ ዘለቁ። እኔ ወንድማቸው ቬርሊን ግን ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በስምምነት ተለያየን።

ኮሌጁን ጨርሰው በተማሩበት ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ሆነው ተመለሱ። አቶ ሃርላን ትቬት ለጋብቻ ቢጠይቋቸው፣ “እሺ ከማለቴ በፊት፣ የሴል ሽፋን ሥራው ምንድን ነው?” አሏቸው። ሃርላንም ባርኔጣቸውን እያሻሹ፣ “እንደ ከብት በረት በር መሰለኝ፤ የሚገባውን ያስገባል፣ የማይገባውን ይመልሳል” ቢሉ፣ እኅቴ “ቀለበቱን አምጣው” ብለው ተጋቡ፤ ካርላንና ኒልስንም ወለዱ።

የእርሳቸው ዋና ሥራ ግን ክለሳው ነበር። ጸደይ መጥቶ የግዛቱ ፈተና ሲቃረብ አዲስ ትምህርት አቁመው ልጆቹን ወደ መሠረቱ ይመልሷቸው ነበር፤ ውሃ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ፕሮቲን፣ ከዚያ የሴሉ ሽፋን፣ ከዚያ ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ። እናንተ ለቀብርና ለሠርግ የምትሠሩትን አረንጓዴ ጄሎ፣ ያን የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ፣ በትልቅ ሳህን አርግተው፣ የወይኑን ፍሬ ኒውክለስ፣ የካሮቱን ቁራጭ ማይቶኮንድሪያ አድርገው ይዘውት ይገባሉ፤ የካሮቱን ሥራ የተናገረ ካሮቱን ይበላል።

ታዲያ ከዚያ ሁሉ ጄሎ ምን ያዛችሁ? አንድ ዐረፍተ ነገር! “ማይቶኮንድሪያ የሴል ኃይል ማመንጫ ነው!” ይህችን እንደ በቀቀን በሠርጉ ትሏታላችሁ፣ በቦውሊንግ ጨዋታው ትሏታላችሁ፣ ሰክራችሁ ቦይ ውስጥ ወድቃችሁም ትሏታላችሁ። እኅቴም በየዓመቱ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ በመስኮት እያሳዩ፣ “ማመንጫ ነው አላችሁኝ፤ ያ ማመንጫ ጭስ ማውጫ አለው። የእናንተስ ጭስ ማውጫው የታለ?” ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ጫማውን ያይ ነበር። በዚህ ከተማ ሰው ጫማውን እንዲህ የሚመረምረው ምጽዋት ሲሰበሰብ ብቻ ነው።

ከዚያም ዴልበርት ክሮግ የትምህርት ቦርዱ ሰብሳቢ ሆነ። ይኸው ከሳንድዊቹ አጠገብ የተቀመጠው ዴልበርት፣ የእኅቴ ተማሪ የነበረው፣ ጄሎውን ከሁሉ አብልጦ የበላው። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ “ቲቸር፣ ከእንግዲህ ክለሳውን ኮምፒዩተር ይሠራዋል፤ እርስዎ ይረፉ” አላቸው።

እኅቴም፣ “ዴልበርት፣ ዘንድሮ ከስተህ አምሮብሃል። ያ በግ የሚያክል ቦርጭ የት ገባ?” አሉት።

“አቃጠልኩታ!” አለ፣ ሆዱን እየመታ።

“የነደደ ነገር ይጨሳል። ጭሱ በየት ወጣ?”

“እ... በላብ?”

ሌላው የቦርዱ አባል፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ “ጡንቻ ሆኖለት ነው” አለ። ማርቪስ ደግሞ፣ አዎ አንቺ ማርቪስ፣ “በመጸዳጃ ቤት ነዋ፤ ሚስቱን ጠይቋት!” ብትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኅቴ ግን አልሳቁም። “ክለሳው አላለቀም” አሉ። ከላይ እስከ ታች የተሳሳታችሁት እናንተው እጃችሁን አውጥታችሁ ክፍሉን ዘጋችሁት። ያልገባው የገባትን አሰናበተ!

ዛሬ የላካችሁት አበባ ከሬሳ ሳጥኑ ይበልጣል። እኅቴ አበባ አልጠየቋችሁም፤ የጠየቋችሁ የክፍላቸውን ቁልፍ ነበር። ቢከለከሉ ጊዜ ጄሏቸውን ተሸክመው እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ አሁን እያላመጣችሁ ካላችሁበት ጠረጴዛ ላይ፣ ጉልበታቸው እስኪያልቅ ያለ ደመወዝ አስተማሩ።

ባለፈው መኸር የቆሽት ካንሰር አገኛቸው። ያ ግርማ ሞገስ ያለው ሰውነት በሳምንት በሳምንት እየሟሸሸ ሄደና ሃርላን እንደ ትራስ በአንድ ክንዳቸው ያነሷቸው ጀመር። ጠያቂ ሁሉ፣ “ቲቸር፣ ምነው እንዲህ ቀጠኑ?” ሲላቸው፣ “የት የሄድኩ ይመስልሃል?” እያሉ ይጠይቁት ነበር፤ ጠያቂውም ተጠያቂ ሆኖ ኮቱን ለብሶ ይወጣል።

በመጨረሻው ሳምንት ሜዳውን ልይ ብለው በብርድ ልብስ ጠቅልለን በረንዳ ላይ አወጣናቸው። ብርዱ ምራቅን በረዶ ያደርጋል። ዴልበርት የሚስቱን ጄሎ ይዞ መጣና ፊታቸው ቆሞ ሲያያቸው፣ ነጩ እንፋሎት ከአፋቸው ወጣ፣ ደግሞ ወጣ። የዴልበርት ዓይን ፈጠጠ።

“ቲቸር! በአፍ ነው! ጭስ ማውጫው አፍ ነው! ስቡ በትንፋሽ ነው የሚወጣው!”

“ስንት ዓመት ፈጀብህ፣ አንተ ልጅ” አሉት፤ ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። “የምታየው እንፋሎቱን ነው፤ የሚበዛው የማይታየው የካርቦን አየር ነው። እርሱስ ከዚህ ወዴት ይሄዳል? ይህን የመለስክ ቀን ክፍሌን ትከፍታለህ?”

“እከፍታለሁ ቲቸር። ቃሌ ነው፤ ቬርሊን ምስክሬ ነው።”

“እኔን ምስክር ያደረገ ሰው ምን ያህል ቢጨንቀው ነው!” አልኩት። እኅቴ በጣታቸው በረዶ የለበሰውን የሃርላንን እርሻ አሳዩት። ዴልበርት እርሻውን ያያል፣ እርሳቸውን ያያል፤ “ወደ በረዶው?” አለ። እርሱ ራሱ የስንዴ ገበሬ ልጅ ሆኖ! “እንግዲያው ክለሳው አላለቀም” አሉትና ከሦስት ቀን በኋላ፣ በሩ እንደተቆለፈ፣ ዐረፉ። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። ሞቱንስ ሁላችንም እንሞታለን።

መምህርት አርዲስ ባለቤታቸውን አቶ ሃርላንን፣ ልጆቻቸውን ካርላንና ኒልስን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን የማልረባ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ የምታውቅ ሙሉ ከተማ ትተው ሄደዋል። የስንዴን ቅንጣት በአፈር ሸሽጎ በጊዜው የሚያስነሣ አምላክ፣ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ማስተዋሉን፣ ለቦርዱ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይስጥልን።

ወረቀቴ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን፣ ለዚህ ማዕድ ከሃርላን ስንዴ የተጋገረውን ዳቦ ከዴልበርት ጋር ተሸክመን የምድር ቤቱን ደረጃ ስንወርድ፣ በሩ ክፍት ስለነበር ትንፋሹ በዳቦው ላይ ነጭ ሆኖ ሲያርፍ አየው። ደረጃው መካከል ቀጥ አለ። እንባው ዱብ ዱብ እያለ፣ ፓስተሩ ቆመው እየሰሙ፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮኸ፦

“ትንፋሹን ስንዴው ነው የሚስበው! ቬርሊን፣ ሰኞ ክፍሉ ይከፈታል! ወይኔ ጉዴ፣ እንግዲያው እኮ በመጪው መኸር የምንበላው ቲቸርን ነው!”